ያገኘሁት አረንጓዴ ድንጋይ ምንድነው? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

መጀመሪያ መዶሻውን አስቀምጡት። «እውነተኛ የከበረ ድንጋይ በመዶሻ አይሰበርም» የሚለው ወሬ ስንቱን ጥሩ ድንጋይ እንዳበላሸ ሳስብ ያንገበግበኛል። እኔም የትንሽ ጣቴን ጫፍ የሚያክል ጥርት ያለ አረንጓዴ ክሪስታል ነበረኝ፤ አንድ ወዳጄ «እስኪ ምታው፣ መረግድ ከሆነ አይሰበርም» አለኝና መታሁት። አራት ቦታ ሆነ። ስብርባሪው እስከ ዛሬ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አለ። መረግድ፣ ማለትም ኤመራልድ፣ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ7.5 እስከ 8 ነው። ይሄ ማለት በቀላሉ አይጫርም ማለት እንጂ አይሰበርም ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ስንጥቅ ስላለው እንዲያውም ቶሎ ይሰበራል።

ሁለተኛ፣ በቀለም ብቻ አትፍረዱ። አረንጓዴ የሆነ ድንጋይ መዓት ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ወንዝ ውስጥ ያበራ ነበር፣ ቤት ስደርስ ደበዘዘ

ይሄ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። ድንጋዩ አልተለወጠም። ላዩ ሻካራ ስለሆነ ሲደርቅ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ሻካራው ይሞላና ቀለሙ ይወጣል። ስለዚህ አድርቁትና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከጀርባው ያዙበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ምርመራው ይቀጥል። ጠርዙ ላይ እንኳ ካላሳለፈ ብዙ ጊዜ ተራ አረንጓዴ አለት ነው፤ ለመደርደሪያ ግን ያምራል፣ አትጣሉት።

ቢላ ጫረው

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ተራ የብረት ቢላ ጥንካሬው 5.5 አካባቢ ነው። በማይታይ ጎኑ ትንሽ ጫሩና መስመሩን በእርጥብ ጣት እሹት። ከጠፋ የተጫረው ድንጋዩ ሳይሆን ቢላው ነው፤ ያያችሁት ድንጋዩ ላይ የቀረ ብረት ነው። ይሄን ሳላውቅ «ለስላሳ ነው» ብዬ የጣልኩት ድንጋይ ነበር፣ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። መስመሩ ጎድጉዶ ከቀረ ግን በእርግጥ ለስላሳ ነው፣ መረግድም፣ ፔሪዶት የሚባለው ሌላው አረንጓዴ የጌጥ ድንጋይም አይደለም።

ለስላሳ ከሆነና ሲዳስሱት ሳሙና ሳሙና ካለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነና እንደ እባብ ቆዳ ዥንጉርጉር ከሆነ ሰርፐንቲን ሳይሆን አይቀርም። በጉጂ፣ በአዶላና በቀንጢቻ በኩል እንዲህ ያለ አለት በሰፊው አለ፣ ሰውም እየደጋገመ ጄድ በሚባለው የከበረ ድንጋይ ስም ይጠራዋል። ቀጫጭን ክር ክር የሚል ነገር ካያችሁበት አትፍጩት፣ አትቁረጡት። ያ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ ብናኙ ደግሞ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ፈዛዛና ጥቁር ቀለበት በቀለበት ከሆነ ማላካይት ነው። ይሄ የመዳብ ማዕድን ነው፣ ለመጠኑም ከበድ ይላል። ብናኙን አትተንፍሱ።

ውስጡ ክብ አረፋ አለ

ብርጭቆ ነው። አዝናለሁ፣ ግን ብርጭቆ ነው። ከተማ አጠገብ ያለ ወንዝ የተሰበረ ጠርሙስን እያንከባለለ ጠርዙን ያለሰልሰዋል፣ ከማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭም አረንጓዴ ይሆናል። በአስር እጥፍ ማጉያ ስታዩት ፍጹም ክብ አረፋና እንደ ጅረት የተጠማዘዘ መስመር ካለ አትድከሙ። መረግድ ውስጥ የሚታየው ሌላ ነው፤ የተዘበራረቀ ቅጠላ ቅጠል የሚመስል ስንጥቅና ትንንሽ የማይካ፣ ማለትም በስሱ የሚላጥ የሚያብለጨልጭ ማዕድን፣ ቅንጣት ነው።

ጥቁር ድንጋይ ውስጥ እንደ ሻካራ ስኳር ተጠራቅሟል

ይሄን ሳይ ደስ ይለኛል። ጥቁሩ ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ አለት ነው፣ ቢጫ የቀላቀለው አረንጓዴ ፍሬ ደግሞ ኦሊቪን ነው፤ ጥርት ብሎ ለጌጥ የሚሆነው ፔሪዶት ይባላል። እሳተ ገሞራ ከምድር ቅርፊት በታች፣ ከማንትል፣ ቆርሶ ይዞት የወጣ ነው። አስቡት፣ ከእግራችን በታች ከስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት የመጣ ነገር መዳፋችሁ ላይ ነው! በቦረና፣ ሜጋ አካባቢ ጥሩ ጥሩ ይገኛል። ፍሬዎቹን በመዶሻ ለማውጣት አትሞክሩ፣ ይደቃሉ። ለማጽዳት ብላችሁም በሎሚ ወይም በኮምጣጤ አትዘፍዝፉት፣ አሲድ ይጎዳዋል። ለስለስ ያለ ብሩሽና ውሃ ይበቃል።

ስድስት ጎን አለው፣ ዙሪያው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅርፊት ነው

አሁን ልብ ይመታል። ከሻኪሶ የሚወጣው መረግድ እንዲህ ነው የሚገኘው፣ ጥቁር ቡናማ ማይካ ውስጥ ተቀብሮ፣ እንደ እርሳስ ስድስት ጎን ሆኖ። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገበያ ላይ በብዛት ሲወጣ ብዙ ሰው ተገርሟል።

ግን ገና አትደሰቱ። አፓታይት የሚባለው ማዕድንም ስድስት ጎን ሊኖረው ይችላል። ጥንካሬው 5 ስለሆነ ግን ቢላ ይጭረዋል። አረንጓዴ ቱርማሊን የሚባለውን ሌላ የጌጥ ድንጋይ ቢላ አይጭረውም፣ ቁመቱን ተከትሎ ግን ጭረት ጭረት ይላል፣ በጫፉ በኩል ሲያዩት ደግሞ ጎኑ ያበጠ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። መረግድ በጫፉ ጠፍጣፋና ባለ ስድስት ጎን ነው። ማይካውን በጥርስ ብሩሽና በውሃ እንጂ በመርፌ አትፈልቅቁት። አትቀቅሉት፣ እሳት ላይም አታድርጉት።

አሁንም ግራ ገባኝ

እንግዲያው መዝኑት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ዘዴ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር አይዋሽም፣ የሚያስፈልገውም የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ብቻ ነው። ድንጋዩን ደረቁን መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ግን ታቹንም ጎኑንም አይንካ፣ ላዩ ላይ የተጣበቀ አረፋ ካለም አራግፉት። ሚዛኑ የሚያሳየውን ጻፉ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ደረቁ 8.1 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 3.0 ካሳየ 2.7 ይመጣል፣ እሱ የመረግድ ቁጥር ነው። 9.9 በ3.0 ከሆነ 3.3 ይሆናል፣ ያ ፔሪዶት ነው። የተለመደ የጠርሙስ ብርጭቆ 2.5 አካባቢ፣ ማላካይት ወደ 4 ይጠጋል። ሰርፐንቲን 2.6 ገደማ፣ ኳርትዝም 2.65 ስለሆኑ ከመረግድ ጋር ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን ሳይሆን ከቢላው ፈተናና ከቅርጹ ጋር አብራችሁ እዩት። ሌላ አለት የተጣበቀበት ድንጋይ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ይሄን ሁሉ አልፎ «መረግድ ሊሆን ይችላል» ካላችሁ ሳትሸጡት የጌጥ ድንጋይ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሪፍራክቶሜትር በሚባል ትንሽ መሣሪያ ድንጋዩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር ይለካል። ለመረግድ 1.57 እስከ 1.59 አካባቢ ያነባል፣ ለፔሪዶት 1.65 እስከ 1.69፤ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ነው። መሣሪያው ለስላሳ ጠፍጣፋ ጎን ስለሚፈልግ ድንጋዩ ሻካራ ከሆነ ሌላ መንገድ ይጠቀማሉ። ድንጋዩን ስትሰጡ ከየት እንዳነሳችሁት በወረቀት ጻፉ፤ ወንዝ ነው ወይስ ቁፋሮ፣ አብሮት ምን ዓይነት አለት ነበር። የተጣበቀበት የማይካ ቁራጭ ካለም አብሮ ይሂድ፣ ለባለሙያው ግማሹን ነገር የሚነግረው እሱ ነው።