ትራንሲልቫኒያን ሐረር ላይ ሆኖ ማስተማር

የትራንሲልቫኒያ ጀርመኖችን ታሪክ ሳስተምር እኔ ሁሌ ከካርታ ነው የምጀምረው። ዘመኑ ይደርሳል። ሰሌዳው ላይ የካርፓቲያን ተራሮችን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ አጥፋችሁ ሳሉ። በምዕራብ የአፑሴኒ ተራሮችን ጨምሩ። መሃል ያለው ከፍታማ ምድር ትራንሲልቫኒያ ነው፤ ዛሬ ሩማኒያ ውስጥ። የሲቢዩንና የብራሾቭን ከተሞች ደቡቡ ላይ፣ የተራራ መተላለፊያዎቹ አጠገብ አስቀምጡ። ንግዱም ጦሩም በዚያ ነው የሚገባው።

ጀርመኖቹን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጠራቸው የሃንጋሪው ንጉሥ ዳግማዊ ጌዛ ነው፤ ድንበር እንዲጠብቁለት። በ1224 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መብታቸው በጽሑፍ ጸና። በ1241 ሞንጎሎች፣ ኋላም ኦቶማኖች መጡባቸው። ገበሬውም ቤተ ክርስቲያኑን በግንብ አጠረ።

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። «ጀጎልን ማን አሠራው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። አሚር ኑርን የማይጠራ የሐረር ልጅ የለም። ከዚያ ልዩነቱን አሳዩ፦ ጀጎል ከተማ ያቅፋል፤ ብራሾቭ አጠገብ ያለው የፕሬዥመር መንደር ግንብ ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚከበው። ከውስጥ በኩል ግንቡን ተደግፈው ከ250 በላይ ክፍሎች ተደራርበዋል። ወረራ ሲመጣ መንደርተኛው እህሉን ይዞ እዚያ ይገባል። ክፍሎቹን በእንጨት ደረጃ አገናኝታችሁ ሳሉላቸው፤ ልጆቹ ይወዱታል።

የልብ ወለዱን ደም መጣጭ ድራኩላን የሚያነሳ አይጠፋም። ሳቁና እለፉ። ጀርመኖቹ በ1945 ወደ ሶቪየት ኅብረት መጋዛቸውን በአጭሩ ንገሯቸው። ከ1989 በኋላ አብዛኞቹ ለምን ወደ ጀርመን እንደሄዱ ደግሞ የቤት ሥራ ስጡ።