«እሱ ያውቀዋል» እና ሌሎች እድር የሚያዳክሙ አነጋገሮች

በሰፈራችን እድር ስድስት ዓመት ኦዲተር ሆኜ ሠርቻለሁ። የተመረጥኩት ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን በምርጫው ዕለት ስብሰባው ላይ ስላልነበርኩም ጭምር ነው።

በነዚያ ዓመታት እንዳየሁት፣ እድርን ችግር ውስጥ የሚከቱ ስህተቶች ሲነገሩ ስህተት አይመስሉም። ደግነትና ጨዋነት መስለው ነው የሚመጡት። ስለዚህ በሚነገሩበት ቃል ልጥራቸው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። ሌሎች ድርጅቶች በዚህ አዋጅ መሠረት ለባለሥልጣኑ የሚያቀርቡት ዓመታዊ ሪፖርት እድርን አያስጨንቀውም ማለት ነው። ነፃነቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቁጥጥሩን የምንሠራው እኛው ነን።

«እሱ ያውቀዋል»

ማን ስንት ወር ውዝፍ አለበት? ጸሐፊው ያውቀዋል። ደንቡ መቼ ተሻሻለ? ጸሐፊው ያውቀዋል። ማኅተሙስ? እሱ ጋ ነው።

የእኛ ጸሐፊ ለሕክምና ልጃቸው ጋ ሄዱ። መዝገቡ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን ይዘውት ሄደዋል። በዚያው ሳምንት ሁለት ለቅሶ ደረሰብን። ከሟቾቹ አንዱ የሦስት ወር መዋጮ አልከፈሉም አለ አንድ የኮሚቴ አባል፤ የለም፣ ከፍለዋል አለ ሌላው። ክርክሩ የተካሄደው ድንኳኑ ሥር፣ ሐዘንተኞቹ እየሰሙ ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የአባላትና የቤተሰብ ዝርዝር፣ የመዋጮ መዝገብና ደንቡ በሁለት ቤት ይቀመጡ። በየወሩ ክፍያ ከተሰበሰበ በኋላ የመዝገቡ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሳና ቢያንስ ለሦስት የኮሚቴ አባላት ይላክ። ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ካላችሁ እሰየው፤ ከሌለም ፎቶው ይበቃል።

«አልታመንኩም ማለት ነው?»

ከሁሉም የከበደኝ ይኼኛው ነው፤ ይሉኝታ ስላለበት።

ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ አምጡ ሲባሉ ቅር ይላቸዋል። ለሃያ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ አንድ ሳንቲም አላጎደሉም። ታዲያ የትናንቱ ኦዲተር ምን ቤት ነው? ጉባኤውም ከእሳቸው ጋር ያዝናል፤ ጉዳዩ ይታለፋል።

ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ ወሬ ቢነሳ፣ ደረሰኝ የሌለው ታማኝ ሰው በምን ይመልሳል? በመሐላ? ቁጥጥር ሌባን ለመያዝ ብቻ የመጣ ይመስለናል፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቀምበት ግን እጁ ንጹሕ የሆነው ሰው ነው። ይህን ለገንዘብ ያዣችን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ የተግባባነውም እሳቸው ቤት ቡና ላይ ነው እንጂ ስብሰባ ላይ አይደለም።

ዋናው ነገር አራት ሥራዎችን አንድ ሰው ላይ አለመቆለል ነው፦ መሰብሰብ፣ መመዝገብ፣ ማስቀመጥ፣ እንዲከፈል መፍቀድ። ገንዘብ ያዡ ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሒሳብ ሹሙ ከደረሰኙ ቅሪት ይመዘግባል፤ ባንክ ያለው ገንዘብ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። ለድንገተኛ ለቅሶ እጅ ላይ የሚቀመጠው ጥሬ ገንዘብ መጠኑ በእድሩ ደንብ ተወስኖ፣ የተረፈው በማግስቱ ባንክ ይገባል። ኦዲተሩም ሳይናገር መጥቶ ይቆጥራል።

ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ተከፍቷል። አባላት መዋጮውን ወደ ገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ይልካሉ። የእድሩ ብር ከሰውየው የጤፍ ብር ጋር ይደባለቃል። ሰውየው በድንገት ቢያርፉስ? በስማቸው ያለውን ሒሳብ የሚጠይቁት ወራሾቻቸው ናቸው። በእድሩ ስም የተከፈተ ሒሳብ ይኑር፤ በግል ቁጥር የሚገባ ገንዘብ አይቆጠርም ብላችሁ ወስኑ።

«አጨብጭበን እናጽድቀው»

ጉባኤ ላይ አንድ ሰው ይነሳና «የምንሰጠው ክፍያ ከዘመኑ ጋር አይሄድም» ይላል። እውነቱን ነው፤ የገበያውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። «12 ሺህ ምን ትሆናለች? 20 ሺህ ይሁን!» ጭብጨባ። ተቃዋሚ ሐዘንተኛን የጠላ ይመስላል።

እስቲ እንደ ምሳሌ እናስላው። 200 አባላት በወር 100 ብር ቢከፍሉ፣ በዓመት 240 ሺህ ብር ይገባል። ለመጋዘን ኪራይ፣ ለጥበቃ፣ ለለፋፊና ለድንኳን ጥገና 60 ሺህ ይውጣ። 180 ሺህ ቀረ። በ12 ሺህ ሒሳብ 15 ለቅሶ ይችላል። በ20 ሺህ ግን 9 ብቻ ነው። ያችን አንድ ጭብጨባ ስናጨበጭብ ስድስት ለቅሶ ያለ ገንዘብ አስቀረን ማለት ነው።

ከክፍያው መጠን ይልቅ ሳይታይ የሚበላው ደግሞ «ለማን ይከፈላል» የሚለው ነው። ለአባል፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ብቻ የነበረው ወላጅ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ ወላጅ። 200 ቤት የነበረው እድር ከ1,000 ሰው በላይ ተሸከመ፤ የተጨመሩትም በዕድሜ የገፉት ናቸው። አይጨመሩ አላልኩም። መዋጮው በዚያው ስብሰባ፣ በዚያው ቃለ ጉባኤ አብሮ ይጨመር ነው የምለው። ስታሰሉም ያለፉትን አምስት ዓመታት ለቅሶዎች ቁጠሩና በአማካዩ ሳይሆን በከፋው ዓመት ተነሡ።

«የጋሼን ነገር ተዉት»

ያረፈደ ይቀጣል፤ ጋሼ ሲያረፍዱ ግን ደንቡ አፉን ይይዛል። ምሕረት ማድረግ ከፈለጋችሁ ደንቡ ውስጥ ጻፉት፦ ከዚህ ዕድሜ በላይ ያለ፣ የታመመ፣ አራስ የሆነች። ያኔ ጋሼም በመብታቸው ይቀራሉ፤ ሌላውም አያጉረመርምም።

«ልጁን እኔ አዝዤዋለሁ»

ይህ አጭር ነው። ንብረት የሚያወጣው ልጅ ከሰብሳቢው፣ ከጸሐፊውና ድምፁ ከፍ ካለ ከማንኛውም አባል ትእዛዝ ይቀበላል። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል በ1916 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው 14 የአስተዳደር መርሆች አንዱ ሠራተኛ የሚታዘዘው ለአንድ አለቃ ነው ይላል። ፋዮል የኛን ልጅ ቢያየው ያዝንለት ነበር፤ አንዱ ወንበሩን ለሠርግ አከራይ ይለዋል፣ ሌላው ለለቅሶ አስቀምጥ ይለዋል፣ በመጨረሻ የሚሰደበው እሱ ነው። አለቃው ንብረት ክፍሉ ብቻ ይሁን፤ ፊርማ የሌለበት ወንበር ከመጋዘን አይውጣ።

«ያው እነሱ ይቀጥሉ»

ምርጫ ሲደርስ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ያው ኮሚቴ ይቀጥላል። አንድ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ደክሟቸው ይለቃሉ፤ አዲሶቹ ቁልፍ እንኳ የት እንዳለ አያውቁም። ይሻላል ብለን የያዝነው፣ ከኮሚቴው ግማሹን በአንድ ዙር፣ ግማሹን በሚቀጥለው መቀየር ነው። የሚለቀውም ሰው ንብረትና ሰነድ አስቆጥሮ፣ ተቀባይም አስረካቢም ፈርመው ይለያያሉ።

በመጀመሪያው ርክክብ መዝገቡ 12 ትልልቅ ድስት ይላል፤ መጋዘን የተገኘው 9 ነው። ማንንም ስም አልጠራንም። ዘጠኝ ብለን ጽፈን፣ ፈርመን ሰሌዳው ላይ ለጠፍነው። በሳምንቱ ጠዋት ሁለቱ ታጥበው መጋዘኑ በር ላይ ተደፍተው ተገኙ። ሦስተኛው እስካሁን አልመጣም።