ከባድ ሞተር አሸዋ ላይ፦ የሚጥላችሁ ጋዝ መዝጋት ነው

ዱባይና ሻርጃ ሆናችሁ የቢኤምደብሊው ጂኤስ ወይ የሆንዳ አፍሪካ ትዊን ሞተር ይዛችሁ ከአስፋልት ወርዳችሁ የማታውቁ ልጆች ብዙ ናችሁ፣ አሸዋውን በቀኝ በግራ እያያችሁት ታልፋላችሁ፣ እኔም ሁለት አመት ሙሉ እንደዛ ነበርኩ። ፍርሃቱ ይገባኛል። አር 1250 ጂኤስ ነዳጅ ተሞልቶ 249 ኪሎ ነው፣ ይሄን በክንድ ጉልበት አሸዋ ላይ ልቆጣጠረው ያለ ሰው ሩብ ሰአት ሳይሞላ እጁ ይዝላል ከዛ ይወድቃል። ግን ይለመዳል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

መጀመሪያ ጎማ። ጂኤስ አስፋልት ላይ ከፊት 36 ከኋላ 42 ፒኤስአይ ንፋስ ተሞልቶ ነው የሚነዳው፣ አሸዋ ስትገቡ ሁለቱንም 18 አካባቢ አውርዱት። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይለጠጥና መሬት የሚነካው ቦታ ስለሚረዝም አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ ላዩ ላይ ይሄዳል። ከ15 በታች ግን አልመክርም፣ ድንጋይ ካገኛችሁ ቸርኬው ይጣመማል፣ ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ሊበጥሰው ይችላል። ከባትሪ የሚሰራ ትንሽ ኮምፕረሰር መያዝ ግዴታ ነው፣ ስትመለሱ በ18 አስፋልት ላይ መፍጠን አደገኛ ነው።

ትራክሽን ኮንትሮሉን (ጎማው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን ሲስተም) አጥፉት። አሸዋ ላይ የኋላ ጎማ ትንሽ መሽከርከር አለበት፣ ሲስተሙ ግን ተንሸራተተ ብሎ ጉልበት ይቆርጥባችሁና እዛው ትቀበራላችሁ። የጎን ሻንጣዎቹንም ቤት ተዉአቸው። እኔ አሸዋ ላይ በወጣሁ በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ሲያዘነብል እግሬን መሬት አስነካሁ፣ አሸዋው እግሬን ያዘው፣ ሻንጣው ከኋላ መጥቶ ገፋኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ ስድስት ሳምንት ነው የፈጀው። ስለዚህ እግራችሁ መርገጫው ላይ ይሁን፣ ቡትም ሳታደርጉ አትውጡ።

ከህዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በጠዋት ውጡ። ሌሊት ጤዛ የወረደበት አሸዋ ጠንከር ይላል፣ ፀሀይዋም ዝቅ ስትል ጥላ ስለሚኖር ጉድጓዱና ጉብታው ለየብቻ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አንድ ቀለም ነው። መጀመሪያ ቀን የሃታ መንገድ ላይ ያለው ቢግ ሬድ የሚባለው ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ አትሂዱ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ባጊ የሚባለው የአሸዋ መኪናና ሌላ መኪና ከማዶ ሳይታይ ነው ጫፉ ላይ ብቅ የሚለው። መኪና የረገጠው ጠፍጣፋ የአሸዋ መንገድ ይበቃችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። ቁጭ ብላችሁ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ተነሱ፣ ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ቁሙ፣ ሁለተኛ አስገቡ፣ ጉልበታችሁ ታንኩን ይያዝ፣ ወገባችሁ ትንሽ ወደኋላ፣ ክርናችሁ አጠፍ ይበል፣ መሪውን ግን ወፍ እንደያዛችሁ ያዙት እንጂ አትጨብጡት። የፊት ጎማው ወዲህ ወዲያ ይላል። ይበል ተዉት! እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሰው የሚወድቀው፣ መሪው ሲወዛወዝ ልብ ይደነግጣል እጅም ሳይታወቀው ጋዝ ይዘጋል፣ ጋዝ ሲዘጋ ክብደቱ በሙሉ ወደፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማው ይቆፍራል፣ መሪው ይታጠፋል፣ አለቀ። በዛች ሰከንድ ጋዝ ትንሽ ጨምሩ፣ የፊቱ ቀለል ይላል፣ ሞተሩም ራሱ ቀጥ ይላል። ይሄን አንድ ነገር እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ሌላ ነገር አትሞክሩ፣ እኔ ሶስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። አይናችሁ ደግሞ ጎማው ስር ሳይሆን ሩቅ ይይ፣ ያያችሁበት ነው የምትሄዱት።

ለመቆም የፊት ፍሬን አትንኩ፣ ጋዙን ቀስ ብላችሁ ዝጉና ፍሪሲዮን ያዙ፣ አሸዋው ራሱ ያቆመዋል። ከተቻለ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ሆኖ ቁሙ፣ ስትነሱ ትገላገላላችሁ።

የኋላው እየተሽከረከረ ከሰመጠ ወዲያው ተዉት፣ ጋዝ በጨመራችሁ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል። ኢንጅኑን አጥፉና ውረዱ (ተቀብሮ ስለሆነ ብቻውን ይቆማል)፣ በጎኑ አስተኙት፣ ጎማው የቆፈረውን ጉድጓድ በእግራችሁ አሸዋ ሙሉት፣ መልሳችሁ አንሱት፣ ከላይ ቆመ ማለት ነው። ለማንሳት ጀርባችሁን ለወንበሩ ስጡ፣ መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከመጨረሻው አዙሩት፣ አንድ እጅ መሪው ላይ አንድ እጅ ከኋላ የሻንጣ መያዣው ላይ፣ ከዛ በእግራችሁ እየገፋችሁ በትንሽ በትንሹ ወደኋላ ሂዱ። ወገባችሁን አትጠቀሙ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት ስታንዱን አውጡት፣ ማርሽም ውስጥ ይሁን። ጂኤስ የጎን ሲሊንደሮቹ ላይ ስለሚያርፍ ከሌላው ይቀላል።

ባህሩ አካባቢ ነጭ ጨው የሚመስል ሜዳ ካያችሁ ሳብካ ነው፣ ላዩ ደረቅ ስሩ ጭቃ ነው፣ ዙሩት። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ያዙ፣ ብቻችሁንም አትውጡ፣ ለመማር እንኳን ሁለት ሞተር ሁኑ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀን አስር ጊዜ ልታነሱት ትችላላችሁ፣ ከአምስተኛው በኋላ ደግሞ የሚያግዝ ሰው ያስፈልጋል።