በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሥነ ጽሑፍና የጥናት መድረክ እንዴት ይዘጋጃል?

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ኪነ ጥበብና ምሁራዊ ክርክር በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በየዓመቱ ይከበር በነበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ በ1950ዎቹም ስለ ድሃው ኑሮ የተነበቡት ግጥሞች ከአዳራሹ አልፈው የተማሪውን ንቅናቄ አስተሳሰብ እስከ መቅረጽ ደርሰዋል። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አደራጅቶ፣ የሀገሪቱ ባህል ከበዓል ማድመቂያነት ባሻገር በሥርዓት የሚጠናና የሚጠየቅ የእውቀት ዘርፍ መሆኑን አሳይቷል።

ዛሬ በየግቢው የሚዘጋጁት የባህል ቀናትና የጥናት ጉባኤዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ ተለያይተው ሲሄዱ ይታያል። በአንድ በኩል ልብሱና ጭፈራው ይቀርባል፣ ትርጉሙን የሚያብራራ ግን አይኖርም፤ በሌላ በኩል ጥናቱ ይነበባል፣ የተጠናው ሕዝብ ድምፅ ግን አይሰማም። ይህ ጽሑፍ አንድ የትምህርት ክፍል ወይም የተማሪዎች ክበብ ሁለቱን አጣምሮ፣ ከ150 እስከ 200 ሰው የሚገኝበት የግማሽ ቀን መድረክ እንዴት ሊያዘጋጅ እንደሚችል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። በእኔ እምነት የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ልብ ታዳሚው የሚናገርበት ሰዓት ነው፤ ከዚህ በታች የማቀርባቸው እርምጃዎች ሁሉ የተቀመሩት ያንን ሰዓት ለመጠበቅ ነው።

ጥያቄውን መወሰን

የመጀመሪያው ሥራ የመድረኩን ጥያቄ መወሰን ነው። «ባህላችንን እንወቅ» የሚል ርእስ ማንንም አያስከፋም፣ ማንንም ግን አያነጋግርም። በምትኩ መልሱ ገና ያልታወቀ፣ የተለያዩ ሰዎች ከየልምዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «በከተማ ለቅሶ ላይ ሙሾ መሰማቱ ለምን እየቀነሰ መጣ?» የሚለውን እንውሰድ። ይህን ጥያቄ የፎክሎር ተመራማሪው ከመስክ ማስታወሻው፣ ገጣሚው ከስንኙ አወቃቀር፣ የሶሲዮሎጂ መምህሯ ከእድርና ከከተማ ኑሮ ለውጥ፣ ተማሪውም በአያቱ ለቅሶ ላይ ከሰማው ተነሥተው ሊመልሱት ይችላሉ። በአንድ ዶርም ውስጥ ከአራትና ከአምስት አካባቢ የመጡ ተማሪዎች አብረው ስለሚኖሩ፣ የለቅሶ ግጥም በየትውልድ ቦታቸው በምን ቋንቋና በምን ሥርዓት እንደሚደረደር ሁሉም የሚናገረው አለው። ይህ ሀብት በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝምና፣ ጥያቄው ሲመረጥ ይህን ሀብት የሚያወጣ መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብ። ጥያቄውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለሦስት የተለያየ ትምህርት ለሚከታተሉ ተማሪዎች ማሳየትና ወዲያው መናገር መጀመራቸውን መመልከት ጥሩ መፈተኛ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ዝግጅቱ ከመድረሱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ዘመን መቁጠሪያ ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል። የሚድና የፋይናል ፈተና ሳምንታት፣ የምዝገባ ቀናትና የምረቃ ዝግጅት የሚበዛባቸው ሳምንታት ይወጣሉ። ከዚያም የሃይማኖት በዓላትና አጽዋማት ይታያሉ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ ባለፈው ዓመት የነበረበትን ወር በማስታወስ ብቻ መወሰን አያዋጣም። የዓርብ ቀትር ለጁምዓ ሰላት መተው አለበት። በግቢው ምግብ ቤት የሚመገበው ተማሪ የእራት ሰዓትም መዘንጋት የለበትም፤ እራት በሚጀመርበት ሰዓት ላይ የተጣለ ውይይት፣ ጥያቄው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ በባዶ ወንበር ፊት ይደረጋል። በአብዛኛው ቅዳሜ ከቀኑ 8፡30 እስከ 11፡00 ድረስ ያለው ጊዜ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ፈቃድና ደብዳቤ

ይህ ክፍል አሰልቺ ቢመስልም ዝግጅቶች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብዳቤ ለአዳራሽ አስተዳደር ይጻፋል፤ ግልባጩም ለተማሪዎች ዲን፣ ለግቢው ጥበቃ፣ ለጥገና ክፍልና ለሕዝብ ግንኙነት ይደርሳል። በደብዳቤው ላይ ቀኑ፣ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው የሰው ቁጥር፣ የሚያስፈልገው ዕቃና የተጠሪው ስልክ ይጠቀሳሉ። ከግቢ ውጭ የሚመጡ እንግዶች ስም ዝርዝር ለብቻው ተዘጋጅቶ በር ላይ ለሚቆሙት የጥበቃ ሠራተኞች ከዋዜማው ይሰጥ፤ በዕለቱም አንድ አስተባባሪ ተማሪ በር ላይ ቆሞ እንግዶቹን ይቀበል። ከሩቅ የመጡ አዛውንት መታወቂያ አልያዙም ተብለው በፀሐይ ላይ መቆማቸው ከማሳፈር አልፎ የዝግጅቱን መንፈስ ይሰብራል።

ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ የግዥ ሥርዓቱ ሳምንታት እንደሚወስድ ታውቆ ጥያቄው ቀደም ብሎ ይግባ። ለእንግዶች የትራንስፖርትና የአበል ክፍያ፣ ለቡናና ለቆሎ፣ ለፖስተርና ለኅትመት የሚወጣው በዝርዝር ይቀመጥ፤ የተቀረው ወጪ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ባለው ንብረት ይሸፈናል።

ተናጋሪዎችን መጋበዝ

በምሳሌያችን መሠረት ሁለት ጥናት አቅራቢዎች፣ ስድስት ገጣሚያንና አንዲት ሙሾ አውራጅ እናት ቢጋበዙ ይበቃል። ለጥናት አቅራቢዎቹ ጥያቄው በጽሑፍ ተሰጥቷቸው፣ ወረቀታቸውን በሙሉ ከማንበብ ይልቅ ያገኙትን ፍሬ ነገር በ15 ደቂቃ እንዲናገሩ አስቀድመው ይስማሙ። ገጣሚያኑን በምንመርጥበት ጊዜ በአማርኛ ብቻ መወሰን አይገባም፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚጽፉ ተማሪዎች በገዛ ቋንቋቸው ያንብቡ፣ የግጥሙ ፍቺም በአጭሩ ታትሞ ለታዳሚው ይታደል። የድምፁ ዜማ ሳይተረጎምም ይሰማልና፣ ትርጉሙን በንባቡ መሀል እየገቡ መናገር ግጥሙን ያቆራርጠዋል።

የባህል አዋቂዋን መጋበዝ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኒህ እናት በስልክ ብቻ አይጋበዙም፤ ሁለት ተማሪዎች፣ ከተቻለም ከአንድ መምህር ጋር፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ስለ ዝግጅቱ ምንነት፣ ስለሚመጣው ሰውና ስለሚጠየቁት ነገር በዝርዝር ሊያስረዷቸው ይገባል። ሙት በሌለበት ሙሾ ማውረድ በብዙ አካባቢ እንደ ሟርት ስለሚቆጠር «እማማ፣ ግጥሙን በዜማ ቢሉት ቅር ይልዎታል ወይስ በቃል ብቻ ቢነግሩን ይሻላል?» ብሎ መጠየቅና የሚሰጡትን መልስ ማክበር ግድ ነው። ፈቃደኛ ካልሆኑ ግጥሙን በንግግር ሊያስረዱ ይችላሉ፤ የሙሾውን አወራረድ፣ የሟቹ ሙያ፣ ዘርና ጀግንነት እንዴት እየተነሣ እንደሚደረደር፣ ተቀባዮቹ በየት ቦታ እንደሚቀበሉ ሲናገሩ መስማት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ድምፃቸውና ምስላቸው እንዲቀረጽ መፍቀዳቸው ከዕለቱ በፊት ይጠየቅ፣ ቅጂውም የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ይነገራቸው። ክፍያቸው ከጥናት አቅራቢዎቹ ክፍያ ማነስ የለበትም። መቀመጫቸውም ከፊት ይሁን። የእውቀቱ ባለቤት እርሳቸው ሆነው ሳለ እንደ ማሳያ ዕቃ በመጨረሻ ደቂቃ ወደ መድረክ ማውጣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ከጥናቶቹ በፊት ይናገሩ፣ አጥኚዎቹም የእርሳቸውን ቃል መነሻ አድርገው ይቀጥሉ።

ሰዓቱን ማከፋፈል

ከዓመታት በፊት ባስተባበርኩት አንድ መድረክ ላይ የመክፈቻ ንግግር ያደረጉት ሰዎች አምስት ነበሩ። እያንዳንዳቸው ጥሩ ነገር ተናገሩ፤ ነገር ግን ንግግሩ ሲያበቃ 55 ደቂቃ አልፎ ነበርና ጥናቶቹ ተጣደፉ፣ ለጥያቄ የተመደበውም ጊዜ ተሰረዘ። እጁን አውጥቶ ሲጠብቅ የነበረ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መርሐ ግብር የማወጣው ከውይይቱ ጀምሬ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው።

ያለን ጊዜ 150 ደቂቃ ቢሆን፣ በቅድሚያ 50 ደቂቃ ለውይይት ይነሣና ማንም እንዳይነካው ይደረግ። ከቀሪው 5 ደቂቃ ለአንድ መክፈቻ፣ 25 ደቂቃ ለባህል አዋቂዋ፣ 30 ደቂቃ ለሁለቱ ጥናቶች፣ 24 ደቂቃ ለስድስቱ ግጥሞች፣ 6 ደቂቃ ለማሲንቆ ወይም ለዋሽንት ይመደባል። የሚተርፈው 10 ደቂቃ ለመዘግየትና ለመብራት መቆራረጥ ይያዝ። ግጥሞቹን በአንድ ላይ ከማከታተል ይልቅ ሁለት ሁለት እያደረጉ በንግግሮቹ መካከል ማስገባት የታዳሚውን ጆሮ ያነቃቃል። የክብር እንግዶች ንግግር ካስፈለገ አንድ ሰው በሁሉም ስም እንዲናገር አስቀድሞ በአክብሮት ይጠየቅ፤ ምክንያቱ በቅንነት ሲነገራቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ።

የመድረክ መሪው ምርጫ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ድምፀ መልካም መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የተናጋሪዎቹን ሐሳብ አንብቦ የተረዳ፣ ተናጋሪን ሳያስቀይም የሚያቋርጥ፣ ለራሱ ግን ብዙ የማይናገር ሰው ያስፈልጋል። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ቢጫ፣ ጊዜው ሲያልቅ ቀይ ወረቀት ከፊት ረድፍ የሚያሳይ ረዳት ቢኖረው ሥራው ይቀልለታል።

አዳራሹና ማስታወቂያው

ለ200 ሰው 500 ወንበር ያለው አዳራሽ መያዝ ታዳሚውን ይበትነዋል፤ ሞልቶ ጥቂት ሰው የሚቆምበት ክፍል ለውይይት የተሻለ ነው። በዋዜማው ማይክራፎኑ፣ ፕሮጀክተሩና ጄኔሬተሩ በባለሙያ ይፈተሹ። ቢያንስ አንድ ገመድ አልባ ማይክራፎን ለታዳሚው ብቻ ይለይ፤ ጠያቂው ወደ መድረክ እንዲወጣ ማስገደድ ዓይን አፋሩን ተማሪ ዝም ያሰኛል። ዊልቸር የሚጠቀሙ ተማሪዎች የሚገቡበት መንገድ መኖሩ ይረጋገጥ፤ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉበት ግቢም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠየቅ።

ማስታወቂያው ከአሥር ቀን በፊት በዶርም፣ በቤተ መጻሕፍትና በላውንጅ ሰሌዳዎች ላይ ይለጠፍ፣ በየትምህርት ክፍሉ የቴሌግራም ቡድኖችም ይላክ። በፖስተሩ ላይ ጎልቶ መጻፍ ያለበት የመድረኩ ጥያቄ ነው፤ የአዘጋጆቹ ዓርማዎች በግርጌ ይበቃቸዋል።

ውይይቱን መምራት

ውይይት ሲከፈት የመጀመሪያው ዝምታ ያስፈራል፤ መሪው ግን ዝምታውን በራሱ ንግግር ለመሙላት አይቸኩል። ታዳሚው ከመግባቱ በፊት በየወንበሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ቢቀመጥ፣ ጮክ ብለው መናገር የማይደፍሩ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ጽፈው ያቀብላሉ፤ ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱን በማንበብ መጀመር ሌሎችን ያደፋፍራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዕድሎች ለተማሪዎች ይሰጡ፣ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ መምህራኑ ቀድመው ከተናገሩ ተማሪው ለማረም የሚፈራው ሐሳብ ይተከላልና። አንድ ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይናገር ደንቡ ገና ሲጀመር ይነገር። የአንድ ብሔር ወይም እምነት ሥርዓት ሲነሣ «የእናንተ» እና «የእኛ» የሚል ንጽጽር ወደ መዘላለፍ ሊያመራ ስለሚችል፣ መሪው ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይጠይቅ፤ «በእናንተ ሰፈር ሲደረግ ያዩትን ይንገሩን» የሚል ቀላል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ንግግሩን ወደ መስመሩ ይመልሰዋል።

ከዝግጅቱ በኋላ

አዳራሹ ተጠርጎ ቁልፉ ከተመለሰ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነው። የድምፅ ቅጂው፣ የጥናቶቹ ጽሑፍ፣ የግጥሞቹ ቅጂና በወረቀት የመጡት ጥያቄዎች ተሰብስበው ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪዎቹ ስም ተጽፎባቸው ይደራጁ። በአንድ ሰው ስልክ ላይ የቀረ ቅጂ ያ ሰው ሲመረቅ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ ሌላው ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በደብዳቤ ተረክቦ ይግባ፤ ለሙሾ አውራጇ እናት ደግሞ ልጆቻቸው በስልክ ሊያሰሟቸው በሚችሉበት መልክ ተዘጋጅቶ፣ መጀመሪያ ሊጋብዟቸው የሄዱት ተማሪዎች ራሳቸው ከምስጋና ደብዳቤው ጋር በሳምንቱ ውስጥ ቤታቸው ድረስ ያድርሱላቸው።