የኮሪያ የፍቅር ፊልም ላይ የሶጁ (የኮሪያ አረቄ) ገበታን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ልጁ ከፍቅረኛው አባት ጋር ለመጠጥ ሲቀመጥ ዓይንዎ ከእጆቹ አይነቀል። ጨዋ ከሆነ ጠርሙሱን በቀኙ ይዞ ግራ እጁን ክንዱ ላይ ደገፍ አድርጎ ይቀዳል፤ ሲቀዳለትም ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይቀበላል። ሲጠጣ ፊቱን ከአባትየው ዞር ያደርጋል። በአንድ እጅ ከቀዳ ወይም ፊት ለፊት ከጨለጠ ንቀት ነው፤ የአባትየው ፊት የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ብርጭቆው ባዶ ሳይሆን ላዩ ላይ መጨመርም በልማዱ አይወደድም። ምግቡን ደግሞ በዕድሜ ታላቅ የሆነው ሰው ማንኪያውን ሳያነሳ ማንም አይነካም።

ጥንዶቹ 100ኛ ቀናቸውን ሲያከብሩ ቆጠራው ግራ እንዳያጋባዎት፦ ፍቅር የጀመሩበት ዕለት ራሱ 1 ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚያ ዕለት ላይ የሚደመረው 99 ነው። ቀኑን የረሳ ፍቅረኛ ኩርፊያ ይጠብቀዋል።