ሥዕሉ ያምራል፣ ጥንቸሉ ይደናቀፋል፦ የጃዝ ጃክራቢት 2 ታይልሴቶች ችግርና መፍትሄ

ጃዝ የሚባል ጥንቸል እየሮጠና እየተኮሰ የሚጓዝበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ጃዝ ጃክራቢት 2፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ ሲቀርብ ጄሲኤስ የተባለውን የመድረክ መሥሪያ ፕሮግራም ይዞ ነበር። ጨዋታው ካረጀ በኋላም አፍቃሪዎቹ አዳዲስ መድረኮችን መሥራት ያልተዉት በእሱ ምክንያት ነው። መድረክ፣ ማለትም ጥንቸሉ የሚሮጥበት የጨዋታው ክፍል፣ የሚገነባው ከታይልሴት ነው፤ ይህም እንደ ሞዛይክ የሚገጣጠሙ ታይል የሚባሉ ትንንሽ ካሬ ሥዕሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ታይል 32 በ32 ፒክሰል፣ የሙሉው ሥዕል ስፋት 10 ታይል ወይም 320 ፒክሰል፣ የቀለሙ ብዛት ደግሞ ከ256 የማያልፍ ነው። አንድ አፍቃሪ የሠራውን ታይልሴት ሥዕሉን ብቻ ዘርግቶ አይቶ «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ማለት ፍርድ አይባልም። ትንሽ መድረክ ይሠራበት፤ ጥንቸሉ ይሩጥበት፣ ይዝለልበት፣ ይተኩስበት። ያን ጊዜ ጉድለቱ ራሱን ያጋልጣል። ከባዱን አስቀድሜ እጀምራለሁ።

ጃዝ ለጥ ባለ መሬት ላይ ይደናቀፋል፣ ሲዘል ደግሞ ጣሪያው ይይዘዋል

ምክንያቱ ማስኩ ነው። ጨዋታው የሚታየው ሥዕል ድንጋይ ይሁን ደመና አያውቅም። የሚመለከተው ማስክ የሚባለውንና ከዋናው ሥዕል ጋር እኩል መጠን ያለውን ሁለተኛ ሥዕል ነው። በማስኩ ላይ የቀለም ቁጥሩ 0 የሆነ ፒክሰል ያሳልፋል፣ ሌላው ሁሉ ያግዳል። ሰነፍ ሠሪ የሥዕሉን ቅጂ ወስዶ እንዳለ ማስክ ያደርገዋል። የሣሩ ጫፍ፣ የድንጋዩ ጉብታ፣ ከግድግዳ የወጣች አንዲት ቅጠል ሳትቀር ጠጣር ይሆናሉ። ተጫዋቹ ለዓይን ለጥ ያለ መሬት እያየ እግሩ ግን በማይታይ ጎርበጥባጣ ላይ ይሮጣል።

መፍትሄው ማስኩን በእጅ እንደ አዲስ መሣል ነው። የመሬቱ ማስክ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን፤ ሣሩ ከመስመሩ በላይ ይቅር። የጥንቸሉ እግር ሁለት ሦስት ፒክሰል ሣር ውስጥ ቢሰጥም ያምራል እንጂ አይጎዳም። ጣሪያና ግድግዳ ከመሬትም በላይ ልስላሴ ይፈልጋሉ፤ ሲዘሉ ጭንቅላት፣ ሲወድቁ ጎን የሚያዘው እዚያ ነውና። ተዳፋት ላይ ደግሞ የአንዱ ታይል ማስክ ያለቀበት ቁመትና የሚቀጥለው የሚጀምርበት ቁመት መገጣጠም አለባቸው። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚደበቀው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ታይል ለብቻው ሲታይ ንጹሕ ነው።

ለመፈተን በተዳፋቱ ላይ በሙሉ ፍጥነት ሽቅብና ቁልቁል መሮጥ፣ ከዚያም ግድግዳ ታክኮ መውደቅ ነው። የሚነጥረውን ጥይት በጠባብ ዋሻ ውስጥ መተኮስም ጥሩ ፈተና ነው። ጥይቱም የሚመራው በማስኩ ነውና፣ ቀጥ ባለ ወለል ላይ አቅጣጫው ካበደ ማስኩ ሸካራ መሆኑን ይወቁ። ተቃራኒው በሽታም አለ። ሠሪው ሰልችቶት ሁሉንም ታይል ሙሉ ካሬ አድርጎ ሲሞላው ክብ ድንጋይ ጫፍ ላይ የቆመው ጥንቸል አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ማስኩ ለተበላሸ ታይልሴት ከአማካይ በላይ ነጥብ አልሰጥም። ጭካኔ ከመሰለም ይምሰል።

ጥንቸሉ ሰማያዊ፣ ካሮቱ ግራጫ ሆነ

ይህ የፓሌት፣ ማለትም ቀለሞቹ በቁጥር የተደረደሩበት ዝርዝር፣ ጣጣ ነው። ከ256ቱ ቀለሞች መካከል ከ16 እስከ 95 ያሉት ቁጥሮች የገጸ ባሕርያቱ፣ የጠላቶቹና የሚለቀሙት ነገሮች ናቸው። ሠሪው ሥዕሉን በሙሉ ቀለም ሠርቶ ወደ 256 ሲያወርደው የሥዕል ፕሮግራሙ ፓሌቱን እንደፈለገ ይደረድረዋል፤ ጥንቸሉም ለዛፍ ግንድ የተመረጠውን ቀለም ይለብሳል። የሚስተካከለው በመጀመሪያ ከጨዋታው ታይልሴቶች የአንዱን ፓሌት ወስዶ፣ እነዚያን ቁጥሮች ሳይነኩ የራስን ቀለሞች በቀሩት ላይ በማስገባት ነው። ከ0 እስከ 9 እና ከ246 እስከ 255 ያሉት ቁጥሮችም በ256 ቀለም ዘመን ዊንዶውስ ለራሱ የያዛቸው ስለሆኑ እነሱንም መተው ነው። አንዳንዱ ሠሪ ግን ሆን ብሎ ሁሉንም ወደ ምሽት ቀለም ይለውጣል። ካሮቱና ጥይቱ ተለይተው እስከታዩ ድረስ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

በጥቁር ጥላ ውስጥ ሰማይ ይታያል

ቁጥር 0 ግልጽ ነው፤ በስተኋላው ያለውን ያሳያል። ቀለሙ ሲቀነስ ጥቁሩ ሁሉ ወደ 0 ሄዷል ማለት ነው። ለጥላና ለጠርዝ መስመር ሌላ ቁጥር ላይ ለጥቁር የቀረበ ቀለም ይመረጥ።

በቅጠሎችና በዓምዶች ዙሪያ ነጣ ያለ ክፈፍ አለ

ሠሪው በነጭ ወረቀት ላይ ጠርዙ በሚለሰልስ ብሩሽ ሥሏል። ጠርዙ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል፤ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ሲገባም ይጮኻል። ጠርዙን በአንድ ፒክሰል እርሳስ ማጽዳት አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

ተጫዋቹ የሚቆምበትን ከጌጡ መለየት አልቻለም

ጨዋታው 8 ሌየሮች፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ኋላ የተነባበሩ የሥዕል ንጣፎች፣ አሉት። ጥንቸሉ የሚጫወተው በ4ኛው ላይ ነው፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት ከኋላ ናቸው። የኋላው ግንብ ከፊተኛው ጋር እኩል ደማቅ ከሆነ ዓይን ይሳሳትና ተጫዋቹ ግድግዳ መስሎት ወደ ጌጥ ይዘላል። የመድረኩን ፎቶ አንስተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። መረማመጃው በቅጽበት ካልታየ የኋላውን ታይሎች ማደብዘዝ ወይም ወደ ቀዝቃዛ ቀለም መውሰድ ያስፈልጋል።

ወለሉ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይመስላል

አንድ ታይል ብቻ ተደጋግሟል፤ በላዩ ያለችው አንዲት ጎላ ያለች ጠጠርም በየ32 ፒክሰሉ ብቅ ትላለች። ጎላ ያሉ ምልክቶችን ከመሠረታዊው ታይል አውጥቶ በተለየ ታይል ማስቀመጥ፣ ወይም መሬቱን በ4 በ4 ታይል ስፋት መሣል ይፈውሰዋል። ጄሲኤስ ታይልን ወደ ጎን ስለሚገለብጥ ልዩነት በነጻ የሚገኝ ይመስላል። ነገር ግን ብርሃኑ ከግራ የሚመጣ ሥዕል ሲገለበጥ ጥላው ይቃረናል። ብርሃኑን ከላይ ማድረግ ይሻላል።

መድረክ ሠሪው ጀምሮ ግማሽ ላይ ተወው

ሥዕሉ ውብ፣ ማስኩ ልስልስ ሊሆን ይችላል፤ ክፍሎቹ ግን አልተሟሉም። የውጭ ማዕዘን አለ፣ የውስጥ ማዕዘን የለም። ወፍራም መሬት አለ፣ የአንድ ታይል ውፍረት ያለው መረማመጃ የለም። የሚንጠለጠሉበት ሐረግና ገመድ፣ እሾህ፣ አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት ተረስተዋል። በተለይ የሚፈርሱ ብሎኮች ይታዩ። እነዚህ ተንቀሳቃሽ ታይል፣ ማለትም ፍሬም የሚባሉ ተከታታይ ሥዕሎች የሚፈራረቁበት ታይል፣ ይፈልጋሉ፤ ከሙሉው እስከ ፈረሰው ያለው ሂደት በየፍሬሙ ካልተሣለ ብሎኩ ሲመታ ድንገት ይሰወራል። ጎደሎውን ለማወቅ ካሮተስን ወይም ካስልን የመሰለ የጨዋታውን ታይልሴት ከፍቶ ክፍል በክፍል ማመሳከር ነው።

ከሌላ ጨዋታ የተቀዳው ተፍረክርኮ ይታያል

የቆዩ የኮንሶል ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ 8 በ8 ወይም 16 በ16 ታይል ይጠቀሙ ነበር። ሠሪው እጥፍ አድርጎ ሲያሳድገው እያንዳንዱ ፒክሰል አራት ይሆናል፤ ከጃዝ ስስ ፒክሰል አጠገብም ጎርባጣ ይሆናል። ሳያሳድጉ አራቱን ባለ 16 ታይሎች በአንድ ባለ 32 ታይል ማሰለፍ ይሻላል። እንዲህ ያለውን ሥራ ስመዝን ለሥዕሉ ውበት ነጥብ አልሰጥም፤ ሥዕሉ የሌላ ሰው ነው፣ የሠሪው ስምም መጠቀስ አለበት። የምመዝነው ማስኩን፣ ፓሌቱንና የተጨመሩትን ክፍሎች ነው።

ታይልሴቱ ሲታደስ የድሮ መድረኮች ተመሰቃቀሉ

መድረኩ የሚያስቀምጠው የታይልሴቱን ፋይል ስምና የእያንዳንዱን ታይል ተራ ቁጥር ነው። መሃል ላይ አንድ ረድፍ ሲጨመር ከሥር ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ ዛፍ በነበረበት በር ይበቅላል። አዲስ ታይል ሁልጊዜ ከታች ይጨመር። ቅደም ተከተሉን መቀየር ግድ ከሆነ ፋይሉ በሌላ ስም ይውጣ፣ አሮጌውም ከመድረኮቹ ጋር ይቆይ።