ከጅማ ወደ ጅቡቲ ቡና ሲላክ፦ የመኪናና የባቡር ዋጋ እንዴት ይወዳደራል?

ጅማ ድረስ የሚመጣ ባቡር የለም። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ ባቡር መነሻው ሰበታ ነው። ከጅማ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፦ ጭነቱ መንገድ ላይ ከመኪና ወደ ባቡር ቢዛወር ያዋጣል?

መጀመሪያ መድረሻውን ለዩ። ቡናው ለአዲስ አበባ ገበያ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ መኪና ነው። ጅቡቲ ከሆነ ሂሳቡን ቀጥሉ።

ቀጥሎ ብዛቱን ቁጠሩ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ያህል ይይዛል። ይህም 19,200 ኪሎ፣ ማለትም 192 ኩንታል ነው። ከዚህ በጣም ያነሰ ካላችሁና የምትጋሩት ላኪ ከሌለ ባቡሩን እርሱት። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ገደማ ስለሚጭን ሁለት ኮንቴይነር ይዞ ይሄዳል።

አሁን ሁለቱንም ዋጋ ወደ ኩንታል አውርዱ። በመኪናው በኩል ኪራዩን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውን፣ የኢንሹራንሱን ደምሩ። በባቡሩ በኩል ደግሞ ባዶውን ኮንቴይነር ጅማ ማምጫውን፣ ከጅማ ኮንቴይነር ባቡር ላይ እስከሚጫንባቸው ጣቢያዎች፣ እስከ እንዶዴ ወይም ሞጆ፣ ያለውን የመኪና ኪራይ፣ የክሬኑን፣ የጣቢያ ማቆያውንና የባቡሩን ታሪፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታሪፉን ብቻ ይዞ ከመኪናው ሙሉ ኪራይ ጋር ያወዳድራል፤ ከዚያ የጣቢያው ሂሳብ ሲመጣ ይደነግጣል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ኮንቴይነር ድምር 192,000 ብር ቢመጣ፣ በኩንታል 1,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ከመኪናው ጋር የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው።

ጆንያው ስንት ጊዜ በእጅ እንደሚነካም ቁጠሩ። እኔ ከዋጋው እኩል የማየው ይህን ነው። በወረደና በተጫነ ቁጥር ሜንጦ ይቀደዋል፣ ፍሬ ይፈሳል። ጅማ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ከታሸገ ግን ጣቢያ ላይ የሚያነሳው ክሬን ብቻ ነው፤ ጆንያውን ማንም አይነካውም።

ከመጫናችሁ በፊት ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ግቡና ሰው ከውጭ በሩን ይዝጋላችሁ። ጨለማው ውስጥ ጣሪያውን እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች ዝናብም በዚያው ይገባል፤ መልሱት። አንድ ክረምት ይህን ሳላደርግ ጭኜ፣ ከላይ ያሉት ጆንያዎች ሻግተው ደረሱ። አሽትቱትም፤ ቡና የናፍጣም የሳሙናም ሽታ ይስባል። ከዚያ ግድግዳውን በወፍራም ወረቀት ሸፍኑ። ቆላ ላይ የሞቀ ኮንቴይነር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ያልበዋል።

ቀኑንም ጠይቁ። መኪና ሲሞላ ይነሳል፤ ባቡር ተራ አለው። መርከቡ ከደረሰባችሁ በኩንታል ጥቂት ብር ለማትረፍ ጣቢያ ላይ አትጠብቁ፤ በመኪና ላኩ። በየወሩ ሙሉ ኮንቴይነር የምትልኩና ጊዜ ያላችሁ ከሆነ ግን እኔ ባቡሩን እመርጣለሁ። ዋጋውን በቃል አትቀበሉ። በጽሑፍ፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ከነቀኑ አጽፉት።